እንግዳውን ልጅ በመጽሐፍ ማወቅ

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ይገባል። ባለፉት ዓመታት ከወለጋ፣ እንዲሁም ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ብዙ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀው ወደ ምዕራብ ጎጃም መጥተዋል። ለእነዚህ ወገኖች እህል፣ ልብስና መጠለያ በማቅረብ ረገድ ሰበካ ጉባኤያት የሚችሉትን ሲያደርጉ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ግን በእርዳታ መዝገብ ላይ የማይሰፍር ጉዳይ ነው፤ የተፈናቀለው ሕፃን ክፍል ገብቶ ሲቀመጥ፣ አጠገቡ ያለው ልጅ በምን ዓይን ያየዋል?

«ተፈናቃይ» የሚለው ቃል ለእርዳታ ሥራ የሚያስፈልግ መጠሪያ ነው። ከሕፃናት አንደበት ሲወጣ ግን ቅጽል ስም ይሆናል። ቅጽል ስም የወጣለት ልጅ ዝም ይላል፤ ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል፤ ሲብስም ትምህርቱን እስከ መተው ይደርሳል። የአገሬውን ልጅ «አትሳደብ» ብሎ መገሠጽ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ያላየውን ኑሮ በልቡ እንዲያስበው የሚረዳው ነገር ይሻል። ስለ ስደት የተጻፉ የሕፃናት መጻሕፍት የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ጽሑፍ መጽሐፍን በመስተዋትና በመስኮት መስለውታል። ልጅ በመስተዋቱ የራሱን ኑሮ ያያል፤ በመስኮቱ የሌላውን። ስለ መፈናቀል የሚተርክ አንድ መጽሐፍ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ይሆናል፤ ለተፈናቀለው ልጅ መስተዋት፣ ለአገሬው ልጅ መስኮት።

ለዚህ ከአገራችን የወጣ ምሳሌ አለን። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ተሰድደው አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ በአማርኛ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ አለመኖሩ አሳሰባቸው። ከዚያም መጻሕፍት አሳትመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳ ደግሞ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች የሚያደርስ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። ጋሪና አህያ በማይጠፋበት በእኛ ገጠር ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንም። አብረዋቸው የሠሩት፣ በልጅነታቸው ማጂ ያደጉት ደራሲ ጄን ከርትዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የሥዕል መጽሐፍ አሜሪካ የምትኖር ደስታ የተባለች ልጅን ታሪክ ይተርካሉ። አባቷ የታመመች እናቱን ለመጠየቅ ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ ሲነሣ፣ ይቀርብኝ ይሆን ብላ ትሰጋለች። ወንድሙ ለሰሊጥ ሥራ መተማ፣ እኅቱ ዐረብ አገር የሄዱበት የጎጃም ልጅ ይህን ስጋት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን የማስተማሪያ መንገድ ከጥንት ታውቀዋለች። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 10 መጻተኛውን መውደድ ሲታዘዝ፣ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ መጻተኞች እንደ ነበሩ እንዲያስቡ ተደርጓል። መጽሐፈ ሩት በሰው አገር እርሻ የምትቃርም ባዕድ ሴት ታሪክ ነው፤ ቃርሚያን የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ትርጓሜ አያሻውም። ካህናት አባቶቻችንም በቆሎ ተማሪነት ዘመናቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ በማያውቁት መንደር ደጃፍ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለዋል። ያን ታሪክ ለልጆች ቢተርኩት ከመጽሐፍ አያንስም።

ንባቡ እንዲጠቅም አራት ነገሮች ይታሰቡ።

አንደኛ፣ የመጽሐፉ ምርጫ ነው። የተሰደደው ልጅ የሚታዘንለት ብቻ ሳይሆን የሚያስብ፣ የሚጫወት፣ ሌላውንም የሚረዳ ሆኖ የቀረበበት ታሪክ ይመረጥ። በየትኛውም ብሔረሰብ ላይ ቂም የሚያስቋጥር ታሪክ ግን አይነበብ። ርኅራኄን ለማስተማር ተነሥቶ ጥላቻን መዝራት ካልተጀመረ ይከፋል።

ሁለተኛ፣ አነባበቡ ነው። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሥዕሉን እያዞረ ያሳያል፤ መካከል ላይ ቆሞ ይጠይቃል። «ልጁ ከቤቱ ምን ይዞ ወጣ? አንተ ብትሆን ምን ትይዝ ነበር? ማንን ትፈልግ ነበር?»

ሦስተኛ፣ የተፈናቀለው ልጅ «የአንተን ታሪክ ንገረን» ተብሎ በሌሎች ፊት አይገደድ። ያየው ነገር ከቃል በላይ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ የሚያስፈልገው እርሱ ሳይናገር ሌሎቹ እንዲረዱት ነው። ራሱ ፈቅዶ ቢናገር ግን ይደመጥ፤ ሐዘኑ የበረታ ሆኖ ቢገኝ የንስሐ አባትና የጤና ባለሙያ ይማከሩ።

አራተኛ፣ ንባቡ በተግባር ይደምደም። አዲሱን ልጅ በስሙ መጥራት፣ ወንበር ማካፈል፣ ያመለጠውን ትምህርት ማስገልበጥ ለሕፃናት የሚቻሉ ሥራዎች ናቸው።

ሰበካ ጉባኤው ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና ከወላጆች ጋር ተመካክሮ አንድ የመጻሕፍት ሣጥንና አንድ ፈቃደኛ አንባቢ ቢያዘጋጅ ሥራው ይጀመራል። መጽሐፍ ቢጠፋ፣ ልጆች አያቶቻቸውን ጠይቀው ከየት እንደ መጡ በደብተር ይጻፉ፤ ሥዕሉን ራሳቸው ይሣሉ። ከየአያቶቻቸው መካከል ከሌላ ቦታ የመጣ እንደማይጠፋ ያገኙታል። መደበኛው ትምህርት በጸጥታ ችግር በተቋረጠበት አጥቢያም ልጆች በተሰበሰቡበት በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ማድረግ ይቻላል።

ለመጀመር የሚመቸው ወቅት ወርኀ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ ማኅሌት ቆመን የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ እናስባለን፤ ትምህርት ቤቶችም አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት በዚያው ሰሞን ነው። ሌሊት ስደቷን ያዜመ ካህን ቀን ትምህርት ቤት ሄዶ አንድ ታሪክ ለሕፃናት ቢያነብ፣ ማኅሌቱና ንባቡ ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ።