ከቆሼ እስከ አርታ ዳርቻ፦ በካያክ መቅዘፍና የውኃን ሆድ ማየት

ካያክ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚቀዝፋት ጠባብና ረዘም ያለች ጀልባ ናት። ስኖርክሊንግ ደግሞ ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አፍ ላይ በሚያዝ አጭር ቱቦ እየተነፈሱና በመነጽር ታች ያለውን እያዩ መንሳፈፍ ነው። በባሕር ዳር መዝናኛዎች ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ጉዞ ይቀርባሉ። እንግዳው አስጎብኚውን ተከትሎ ድንጋይ የሚመስለው ኮራል ወዳለበት ይቀዝፋል፤ እዚያ ሲደርስ ካያኩ ይታሰርና ውኃ ይገባል፤ ዓሣውን አይቶ ይመለሳል። ግማሽ ቀን የማይሞላ ጉዞ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ነገሮች እዚህ ተለያይተዋል፤ ካያኩ በአገር ውስጥ ሐይቆች ላይ ሲገኝ ስኖርክሊንጉ ጅቡቲ ድረስ ያስኬዳል። ምክንያቱ የውኃው መልክ ነው። ላንጋኖ ቡናማ ነው፤ ጣናም በተለይ በክረምት ከየወንዙ በሚገባው ደለል ይደፈርሳል። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ መነጽር ያደረገ ሰው የራሱን እጅ አጥርቶ ማየት ይቸገራል። በስኖርክሊንግ የሚታየው ኮራል የሚያድገው ደግሞ ሙቅ፣ ጥርት ያለና ጨዋማ በሆነ ባሕር ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ በሚባለው ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ቆሼ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ለአሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበትን ስፍራና መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ያለቁበትን ሐዘን ነው። ይሁን እንጂ ሰፈሩ ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ቀጥሎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ በረሃውን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። የቆሼ ዝናብ ጅቡቲ ደጃፍ ደርሶ ባሕሩን ሳያይ ይቀራል ማለት ነው። መንገደኛው ከዝናቡ የተሻለ ዕድል አለው።

ከዚህ ሰፈር ተነስቶ ውኃ ላይ ለመውጣት ወንጪ አንዱ አማራጭ ነው። በአየር ጤና፣ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ ከተደረሰ በኋላ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው፤ መሐሉ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት ይታያል። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ስፍራው ደጋ ነው። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሳያስበው በአፉ አየር ይስባል፤ አፉ ከውኃ በታች ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ዋናተኛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ወንጪ ላይ ላይፍ ጃኬት ሳያደርጉ ጀልባ ላይ መውጣት የማይገባው በዚህ የተነሳ ነው።

ለጀማሪ ቢሾፍቱ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አየሩ ሞቅ ይላል፤ ከሐይቆቹ ዳር ባሉ መዝናኛዎችም ካያክ ይገኛል። እዚህም ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ያልፋል፤ ወለሉም ቀስ እያለ አይደለም የሚወርደው። ዳር ላይ እግሩ መሬት የሚነካ ሰው ጥቂት ፈቀቅ ሲል መሬቱን ያጣዋል። አሸዋማ ዳርቻ ለሚፈልግ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ላንጋኖ አለ። ውኃው ቢደፈርስም ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ከአገሪቱ ሐይቆች ሁሉ ለዋና የሚመረጠው እሱ ነው። በጣናና በሐዋሳ ዳርቻዎች ግን ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በሚራባበት ሣራማ ጥግ እግርን ነክሮ መቆየት አይመከርም። የጫሞ ሐይቅ ጉዳይ ከሁሉም የተለየ ነው። የአዞ ገበያ የሚባለው ስፍራ ያለበት ሐይቅ በትልቅ ጀልባ እንጂ በካያክ አይጎበኝም።

በእጅ የሚቀዘፍ ትንሽ ጀልባ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ካያክን የሠሩት በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ በእንጨት ወይም በአጥንት ማዕቀፍ ላይ የአቆስጣ ቆዳ ወጥረው ለአደን ይወጡባት ነበር። በጣና ዳር ደግሞ ታንኳ አለች። ባሕር ዳር አካባቢ የሚኖሩት ወይጦዎች ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ አስረው ይሠሯታል። አፍንጫዋ ቀና ያለ ነው፤ ቀዛፊው ከውኃው ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ስለሚመስል ታንኳዋን የሚያንሳፍፋት ራሱ አገዳው ነው። ማዕበል ቢያለብሳትም አትሰጥምም። በጊዜ ብዛት ግን ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ከውኃ ወጥታ ፀሐይ ላይ ትቆማለች።

ዛሬ በየመዝናኛው የሚከራየው የፕላስቲክ ካያክ በአሠራሩ ከቆዳው ካያክ ይልቅ ለታንኳ ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀዛፊው የሚቀመጠው ጀልባዋ ውስጥ ሳይሆን ላይዋ ላይ ነው፤ ሆዷ በአየር የተሞላና የታሸገ ነው፤ ላይዋ ላይ የፈሰሰው ውኃ በተበሱት ቀዳዳዎች ተመልሶ ይወርዳል። ብትገለበጥ እንኳ ውስጧ የሚሞላ ውኃ የለም። ጀማሪ ሰው ይህን ካወቀ ፍርሃቱ ግማሽ በግማሽ ይቀልለታል።

የጉብኝቱ ዋና ክፍል የሚጀመረው መሬት ላይ ነው። ጥሩ አስጎብኚ አስቀድሞ ይጠይቃል፦ ዋና የሚችል ማን ነው? አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ያለበት አለ? አልኮል የቀመሰ አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ሰውን ለማሳፈር የሚጠየቁ አይደሉም። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ዋና አለመቻሉ የሚጠበቅ ነው፤ አደጋው ያለው እችላለሁ ብሎ ዝም በማለት ነው። ቀጥሎ ላይፍ ጃኬት ይታደላል። አስጎብኚው የእያንዳንዱን ሰው ጃኬት በትከሻው በኩል ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል። ጃኬቱ ወደ ጆሮ ከወጣ ላልቷል ማለት ነው፤ ውኃ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጃኬቱ ሲንሳፈፍ ሰውየው ሾልኮ ወደ ታች ይቀራል። ማሰሪያዎቹ ይጠብቁና እንደገና ይጎተታል። ይህን ሳያደርግ ሰውን ወደ ውኃ የሚሰድ አስጎብኚ ዋጋው ረከሰ ተብሎ ሊመረጥ አይገባም።

አቀዛዘፉ ቀላል ነው። የካያክ መቅዘፊያ በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው፤ በቀኝና በግራ በየተራ ይገባል። ምላሱ እግር አጠገብ ይጠልቅና ዳሌ አጠገብ ይወጣል። አዲስ ሰው በክንዱ ብቻ ስለሚቀዝፍ በሩብ ሰዓት ይደክማል፤ የለመደው ግን ወገቡን እያዞረ፣ በእግሩ እየተደገፈ ነው የሚቀዝፈው። ለመዞር በአንድ ወገን ሰፋ አድርጎ መጥረግ ነው፤ ለማቆም ወደ ኋላ መቅዘፍ። ሁለት ሰው በሚይዝ ካያክ የፊተኛው ምቱን ይሰጣል፤ የኋለኛው አቅጣጫውን ይይዛል። ባልና ሚስት የሚጋጩት ብዙ ጊዜ ሁለቱም አቅጣጫ ልያዝ ሲሉ ነው።

ራቅ ብሎ ከመሄድ በፊት ጥልቀት በሌለው ስፍራ ሆን ብሎ መገልበጥ ይለማመዱታል። የወደቀው ሰው ካያኩን አይለቅም፤ መልሶ ይገለብጠዋል፤ በደረቱ ይወጣበታል፤ ከዚያ በጀርባው ዞሮ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ በሳቅ የሞከረ ሰው በድንጋጤ ሰዓት እጁ ራሱ ያስታውሰዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ነፋስ ነው። ከውኃው ወደ መሬት የሚነፍስ ነፋስ ማዕበል ስለሚያስነሳ ያስፈራል እንጂ የወደቀውን ወደ ዳር ይመልሰዋል። ከመሬት ወደ ውኃው የሚነፍሰው ግን ያታልላል፤ ዳሩ ላይ ውኃው ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ቀዛፊው እየቀለለው ይሄዳል፤ ሊመለስ ሲል ነው ነፋሱ ፊቱ ላይ የሚቆመው። ጣና ላይ ጀልባ ነጂዎች ማልደው መውጣት የሚወዱት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሳ ነው። በዚህ የተነሳ በደንብ የተደራጀ ቡድን ሁለት ሰው ያሰማራል፤ አንዱ ከፊት ይመራል፣ ሌላው ከኋላ የቀረውን ይሰበስባል። ሰማዩን አይቶ ዛሬ አንወጣም የሚል አስጎብኚ ደግሞ ገንዘቡን የሚያጣ ሰው ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ለምዕራብ አዲስ አበባ ሰው ከደጁ ብዙም አይርቅም። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የመንገደኞች መነሻ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ነው። ሐዲዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ በዙሪያቸው ኮራል ስላለ የስኖርክሊንግ ጀልባዎች ወደዚያ ይወጣሉ። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ አርታ የባሕር ዳርቻ ይገኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በዚያ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባለው ዓሣ ይመጣል። በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ዝርያ ሲሆን አርታ የሚታዩት በአብዛኛው ወጣቶቹ ናቸው። ሻርክ ቢባልም ሰው አይበላም፤ አፉን ከፍቶ ውኃውን እያጣራ ደቃቃ ፍጥረታትን ይመገባል።

ስኖርክሊንግ ከዋና ይልቅ የትንፋሽ ነገር ነው። መነጽሩ አፍንጫንም ይሸፍናል፤ ስለዚህ መተንፈስ በአፍ ብቻ ይሆናል። ልክነቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ ይለጥፉትና በአፍንጫ አየር ይስባሉ፤ እጅ ሲለቀው ካልወደቀ ልክ ነው። አንዲት የፀጉር ዘለላ ከሥሩ ከገባች ውኃ ታስገባለች፤ ጢም ያለው ሰውም ይቸገራል። መስተዋቱ በጉም እንዳይሸፈን ውስጡን ምራቅ ቀብቶ በጥቂቱ ማለቅለቅ ነው፤ ውድ መድኃኒት ከመግዛት ይህ ይበቃል።

መነጽሩ የሚያስፈልገው የሰው ዓይን በአየር ውስጥ እንዲያይ ስለተሠራ ነው፤ በዓይንና በውኃ መካከል አየር ሲኖር እይታው ይጠራል። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ደግሞ ሁሉ ነገር ቀርቦና በሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። ክንድ የሚያህል ዓሣ አየሁ ብሎ የሚመለስ ሰው አልዋሸም፤ ዓይኑ ነው የጨመረለት። ቱቦው የማይረዝመውም በምክንያት ነው። በጣም ከረዘመ ሰውየው ያስወጣውን ትንፋሽ መልሶ ይስባል፤ ጠልቆ ከሄደም የውኃው ክብደት ደረቱን ስለሚጫነው አየር መሳብ አይችልም። ቱቦው ውስጥ ውኃ ሲገባ መፍትሔው አለመደንገጥና በኃይል ‘ፉ’ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ናቸው። ፊቱ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው አካሉ ትንፋሽህን ያዝ ይለዋል፤ አእምሮው ደግሞ ተንፍስ ይለዋል። ስለዚህ ልምምዱ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጀመራል፤ ሰውየው የራሱን ትንፋሽ በቱቦው ውስጥ እየሰማ እስኪረጋጋ ድረስ ማንም አያጣድፈውም። የባሕሩ ጨው ያግዘዋል፤ ጨዋማ ውኃ ከሐይቅ ውኃ ይበልጥ ሰውን ይሸከማል። ዋና የማይችልም ላይፍ ጃኬቱን እንደለበሰ መንሳፈፍ ይችላል፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ጓደኛ ግን ለማንም አይቀርም።

ከውኃ በታች ያለው ሕግ አጭር ነው፤ አይነካም። ድንጋይ የሚመስለው ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። አንድ ሰው ለአፍታ ሲቆምበት የሚሰበረው ብዙ ዓመት ያደገ ነገር ነው። ለራስም አይበጅም፤ በየስንጥቁ እንደ ጃርት እሾሃም የሆኑ ፍጥረታት ተደብቀዋል። ከዌል ሻርክ ሦስት ሜትር ያህል፣ ከጭራው ደግሞ ትንሽ ከዚያ በላይ ይራቃል፤ ጭራው ሰውን ለመጉዳት ባያስብም ኃይለኛ ነው። ከፊቱ ተጋርጦ ፎቶ ማንሳትም ከመንገዱ ያስወጣዋል።

ደገኛውን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ፀሐዩ ነው። ውኃው ጀርባን ስለሚያቀዘቅዝ ማቃጠሉ አይታወቅም፤ ማታ ላይ ትከሻው ቀልቶ ሸሚዝ መልበስ ያቅተዋል። እጅጌው ረዥም የሆነ ስስ ልብስ ለብሶ መግባትና ከመውጣት በፊትም በኋላም ውኃ መጠጣት ይህን ይከላከላል።

ጉዞው ሲያልቅ አስጎብኚው መጀመሪያ ሰው ይቆጥራል፤ ከዚያ ካያክ፤ ከዚያ ጃኬት። መነጽሩና ቱቦው በንጹሕ ውኃ ይታጠባሉ፤ ጨው ሲደርቅ ጎማውን ያደርቀዋልና። ታጥበው የሚሰጡት ጥላ ሥር ነው፤ በዚህ ብቻ ከጣናዋ ታንኳ ይለያሉ።