ተጨማሪ መረጃ፦ ሮታ ቫይረስና የሕፃናት ተቅማጥ

በካፋ ባለችው ሺሺንዳም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ክትባት ያላገኘ ሕፃን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሮታ ቫይረስ ይይዘዋል። በአውስትራሊያ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ቫይረሱን በ1973 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። መንኮራኩር ስለሚመስል በላቲኑ ቃል «ሮታ» ተባለ።

ብዙ ሰው «የሆድ ቫይረስ» ሲባል ጨጓራን ያስባል፤ ሮታ ግን የሚያጠቃው ትንሹን አንጀት ነው። ምግብና ውሃ የሚመጥጡትን የአንጀት ሕዋሳት ይገድላል። ኤንኤስፒ 4 የተባለው ፕሮቲኑ ደግሞ ፈሳሽ ወደ አንጀት እንዲፈስ ያደርጋል። ሕፃኑን ለሞት የሚዳርገው በዚህ የተነሳ የሚመጣው የሰውነት ድርቀት ነው። ስለዚህ አንድ ከረጢት የሰውነት ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት (ኦአርኤስ) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት፣ የእናት ጡትንም አለማቋረጥ ሕይወት ያተርፋል።

ቫይረሱ ከዓይነ ምድር ወደ አፍ ይተላለፋል፤ ለመያዝ ጥቂት ቅንጣት ይበቃል። በእጅ ላይ ለሰዓታት፣ በዕቃ ላይ ለቀናት ስለሚቆይ ንጹሕ ውሃ ባለበት ቤትም ይዛመታል።

ሰውነት ይማራል። ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ አንጀት አይጂኤ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመነጫል፤ ልጁን ዳግም ቢይዘው ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ክትባቱም ይህንኑ ትምህርት ያለ ከባድ ሕመም ይሰጣል፦ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ በአፍ ይጨመራል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በመደበኛ ክትባት ውስጥ አስገብታው፣ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት መስጠት ጀመረች። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ ከከተማ ርቆ ወዳለ የካፋ ቀበሌ የሚደርሰው በበረዶ በታጨቀ ሣጥን ነው።