«ጥጥ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ቢነጠፍም ምንም አይለውም»

ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ፍራሽ ነው። አልጋው «ደመወዝ ሲወጣ» ይባልለታል፤ እስከዚያ ፍራሹ ወለሉ ላይ ይነጠፋል። ስፖንጅ የገዛው ቢያንስ ይጠራጠራል። ጥጥ የገዛው ግን ልቡን ጥሎ ይተኛል፤ ሻጩ «የተፈጥሮ ነው፣ ይተነፍሳል» ብሎታል። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ያንን ፍራሽ ገልብጡት። ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የሰነበተ እርጥብ ጆንያ ሽታ፣ አጠገቡ ደግሞ ሌሊት ሌሊት የሚያስል ልጅ። ይህን ያየሁት በአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

እምነቱ ግማሽ እውነት አለው። ጥጥ እርጥበትን ይቀበላል፣ አየር ሲያገኝም መልሶ ይለቃል፤ ለዚህ ነው በሙቀት ጊዜ እንደ ስፖንጅ የማያልበው። «አባቶቻችን መሬት ላይ ተኝተው ምን ሆኑ?» የሚለው ክርክርም ከባዶ አልመጣም። ግን የአባቶቻችንን ቤት እናስታውሰው። መሀል ላይ እሳት ይነዳል፣ ጭሱ ጣራውንም ልብሱንም ያደርቃል፣ በግድግዳው ስንጥቅ ነፋስ ይገባል፤ መኝታውም ብዙ ጊዜ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ነበር። የዛሬው ኪራይ ክፍል እሳት የለውም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተለጥፏል፣ መስኮቱ ለሌባና ለወባ ትንኝ ሲባል ተዘግቶ ያድራል።

የሚሆነውን እንመልከት። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሳይታወቀው ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ በቆዳውና በትንፋሹ ያወጣል። በቆዳ የሚወጣው ከሰውነት ሙቀት ጋር በጥጡ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ይጠብቀዋል፣ እዚያው ጤዛ ይሆናል። ከላይ ሰው ተኝቶበት ከሥር ፕላስቲክ የዘጋው ፍራሽ በየት በኩል ይተነፍሳል? ደረቅ በሆነ አገር ይህ ስህተት ይቅር ሊባል ይችል ይሆናል። የእኛ ደቡብ ምዕራብ ግን ከኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ዝናቡ ከመጋቢት ይጀምርና ጥቅምትን ይነካል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ ከ70 እስከ 80 ሲያልፍ ሻጋታ ይበቅላል። በዓይን የማትታየው የአቧራ ተባይ ደግሞ ከመቶ 50 በላይ ከሆነላት ትራባለች፤ አስም ያለበትን ልጅ ሌሊት የምታነሣው አንዷ እሷ ናት።

እኔን የሚያናድደኝ ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ አገር መጥፋቱ ነው። የታጠበ ቡና መሬት ላይ እንደማይሰጣ ከሸኮ እስከ በበቃ ማንም ያውቃል። ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይዘረጋል፣ እርጥበቱ ከመቶ 12 ገደማ እስኪወርድ በየሰዓቱ ይገላበጣል፣ ሲመሽ ይሸፈናል። ቡናውን አልጋ ላይ የሚያደርቅ ሰው ልጁን ሲሚንቶ ላይ ያስተኛል! ሻጩም ይህን እያወቀ «ይተነፍሳል» ይላል፤ ፍራሹ ሲበላሽ ሌላ ይሸጣላ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የቀርከሃ ወይም የጣውላ ርብራብ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ፣ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ያለው፤ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ ይበል። አጎበሩም ከፍራሹ ሥር በደንብ ይጠቀጠቅበታል። ጠዋት ስትነሡ አልጋውን ወዲያው አታንጥፉ፣ ገልጣችሁ ተዉት። መስኮቱን ቀን ላይ ክፈቱ፤ ለወባ ትንኝ ስትሉ የምትዘጉት ሲመሽ ነው። ርብራብ መግዛት ለማይችል ሰው ፍራሹን በየጠዋቱ ግድግዳ ላይ ማቆም ብቻውን ብዙ ያድናል።

ሌሎቹን አሉባልታዎች በአጭሩ እንለፋቸው።

«ትኋን ጥጥ አይወድም።» ትኋን የሚበላው ደም ነው እንጂ ጥጥም ስፖንጅም አይደለም። በአሮጌ ዕቃና በሻንጣ ይገባል፤ በስፌት፣ በአልጋ መጋጠሚያና በሚስማር ቀዳዳ ይደበቃል። በእጅ የተሰፋ የጥጥ ፍራሽ እንዲያውም መደበቂያው ይበዛል። ለቡናና ለበቆሎ የተገዛ ፀረ ተባይ ፍራሽ ላይ የሚረጩትን ግን በትዕግሥት ማለፍ አልችልም። ጥጥ መድኃኒቱን ይጠጣዋል፣ ታጥቦም አይወጣም፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሰዋል። የፈላ ውሃ በአልጋው ስንጥቅ ማፍሰስ፣ ልባሱንና አንሶላውን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ከሳምንት በኋላም መድገም ይሻላል።

«ትኋንን ፀሐይ ይገድለዋል።» ፀሐይ ያደርቃል፣ ስለዚህ በተገኘ ቁጥር ፍራሹን አውጡት። ትኋን ግን ወደ ጥላው ጎን ይዞራል፤ ለመሞት የፍራሹ ውስጡ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መግባት አለበት። ማታ ጤዛ ሳይወርድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አስገቡት።

«ለወገብ የሚሻለው ድንጋይ የመሰለ ፍራሽ ነው።» በ2003 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ 313 የወገብ ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው ይልቅ ሕመሙን ቀንሷል። ሕፃናት ብቻ ለየት ይላሉ፤ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጠፍጣፋና የማይሰምጥ መኝታ ያስፈልገዋል፣ አዲስ የተነደፈ ለስላሳ ጥጥ ፊቱን ሊያፍነው ይችላል።

«ጥጥ ሲጠጥር ይጣላል።» አይጣልም። ይህ ነው ከስፖንጅ የሚበልጥበት ዋናው ነገር። ፍራሽ አዳሽ ይፈታዋል፣ ጥጡ ይፈለቀቃል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይነደፋል፣ አዲስ ልባስ ይሰፋለታል። የሻገተውን ክፍል ግን መልሶ እንዳይሞላው አጠገቡ ቁሙ።

«ወፍራም ይሻላል።» ለጠባብ ክፍል አይሻልም። የጥጥ ፍራሽ ከባድ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ማንሣት ካቃተው ደግሞ አያወጣውም፣ አይገለብጠውም። ሱቁ ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት ብቻችሁን አንሥታችሁ አጥፉት፤ ካልታጠፈ ቀጠን ያለውን ጠይቁ።