አምቡሊ ሲሞላ

ጅቡቲ ከተማን ያስቆረቆራት ውሃ ነው። ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መቀመጫቸውን ከኦቦክ ወደዚህ ሲያዛውሩ ከሳቧቸው ነገሮች ሁለቱ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው የንግድ መንገድና ከአምቡሊ አሸዋ ሥር የሚቀዳው ጣፋጭ ውሃ ነበሩ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ የሚታየው ይህ ወንዝ ዛሬም የከተማዋን ጉድጓዶች ይመግባል፤ በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ ሰው ይገድላል። በሚያዝያ 2004 ሞልቶ ከ50 በላይ ሰው ፈጀ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የዝናቡን መጠን ብቻ የሚያይ ሰው ጅቡቲን ጎርፍ ያሰጋታል ብሎ አያስብም። በዓመት የምታገኘው 150 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ሰባትና ስምንት እጥፍ ታገኛለች። ነገር ግን ያ ጥቂት ዝናብ ተከፋፍሎ አይመጣም። በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ የዓመቱን የሚጠጋ ዝናብ በአንድ ቀን አወረደ። በኅዳር 2019 ደግሞ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት በጋራ ባወጡት መግለጫ መሠረት የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ጥሏል፤ እስከ 250 ሺህ ሰው ለጉዳት ተዳርጓል። የሀገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ያህል መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ቁጥር ከባድ ነው። ብዙ ወራት ሳይቆጠሩ፣ በሚያዝያ 2020፣ ጎርፉ ተመለሰ።

ዝናቡ የግድ ከተማዋ ላይ መጣል የለበትም። በስተምዕራብ ያሉት ከፍታዎች የእሳተ ገሞራ ዐለት ናቸው፤ ዛፍ የላቸውም ማለት ይቻላል። የወረደው ውሃ ሳይሰርግ ከየሸለቆው ተጠራቅሞ፣ ድንጋይና ጠጠር እየነዳ፣ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህ ሲነገረው ማብራሪያ አይጠይቅም፤ በነሐሴ 2006 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ወርዶ ነው።

ጎርፉ የሚያገኘው ማንን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከሰማዩ ይልቅ ከታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን አስተዳዳሪውና ነጋዴው ከፍ ባሉት የኮራል ሜዳዎች ላይ ሰፈሩ፤ ሠራተኛው በቁጥር ወደሚጠሩት፣ ዝቅተኛና ጨዋማ መሬት ላይ ወደተሠሩት ሰፈሮች ተገፋ። እዚያ ባሕሩ ሞልቶ በሚገፋበት ሰዓት የዝናቡ ውሃ መውጫ ያጣል። በ1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ሲጎበኙ ከተነሣው ተቃውሞ በኋላ ደግሞ ፈረንሳዮች ከተማዋን በሽቦ አጠሩ። መግባት የተከለከለው ሰው ከአጥሩ ውጭ፣ ከአምቡሊ ማዶ፣ ጎጆውን ቀለሰ። ባልባላ እንዲህ ተወለደች፤ ከነጻነት በኋላ የፈረሰው አጥሩ ብቻ ነው፣ ሰፈሩ ግን እያደገ ሄደ።

እዚህ ላይ ድርቅና ጎርፍ ይገናኛሉ፤ ሁለቱን በተለያየ መዝገብ የሚያስቀምጥ ባለሥልጣን ይህን የሚስተው ይመስለኛል። ከ2008 እስከ 2011 የቆየው ድርቅ በዓመት በአማካይ 3.9 በመቶ የሚሆን የሀገሪቱን ምርት እንደበላ ተገምቷል። ከብቶቹ ያለቁበት አርብቶ አደር ወደ ከተማ ሲመጣ የሚያገኘው መሬት ማንም ያልፈለገው፣ የሸለቆው ጎን ነው። ከድርቅ የሸሸው ሰው የጎርፍ መንገድ ላይ ቤት ይሠራል።

ከ2004ቱ አደጋ በኋላ መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2006 የአደጋ ሥጋት አስተዳደር ሕግ ወጣ፤ ጽሕፈት ቤትም ተቋቋመ። የአምቡሊ ዳርቻ በመከላከያ ግንብ ተጠናከረ። ግንብ ከላይ የሚመጣውን ወንዝ ይመልሳል፤ ከተማዋ ላይ የጣለውን ዝናብ ወደ ባሕር ማውጣት ግን የቦይ ሥራ ነው። ቦይ ደግሞ ካልተጠረገ በአሸዋና በቆሻሻ ይሞላል። ሪባን የሚቆረጥለት ግንብ ነው፤ ለጠራጊ በጀት የሚያጨበጭብ የለም።

ከከተማ ሲወጣ ጉዳዩ የእኛም ይሆናል። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ 90 በመቶ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል፤ ከከተማዋ ዳር ካለው ፒኬ 12 ተነሥቶ በዲክሂልና በዮቦኪ ወደ ጋላፊ የሚሄደውን መንገድ ሾፌሮቻችን በልባቸው ያውቁታል። መንገዱ ብዙ ደረቅ ወንዞችን ያቋርጣል። ድልድይ በሌለበት ጎርፉ በላዩ እንዲያልፍ የተሠራ የኮንክሪት መሻገሪያ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ወንዙ ሲሞላ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ለትልቅ ጭነት ይህ የሰዓታት መዘግየት ነው። ከዋናው መንገድ በጥርጊያ ለሚገናኝ መንደር ግን የተቦረቦረ መሻገሪያ ማለት ውሃ የሚያመጣ ቦቴና ወላድ የሚያደርስ መኪና የለም ማለት ነው፤ ጠጋኙም ዋናው መንገድ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣለት።

ለባልባላ በ2018 የዓለም ባንክ 20 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል፤ ዓላማው ሰፈሩን ሳያፈርሱ መንገድና አገልግሎት ማስገባት ነው። እኔ ይህን መንገድ እመርጣለሁ። ያም ቢሆን ከሸለቆው ወለል ላይ ያለውን ቤት ምንም ቦይ አያድነውም፤ መነሣት አለበት። ትርፍ መሬት ያለው ከከተማ ርቆ፣ ወደ ፒኬ 12 አካባቢና ከዚያም ወዲያ ነው። የቀን ሥራ ያለው ወደቡ ጋ ነው። የሚኒባሱ ሒሳብ ከቀን ገቢው ላይ እስከተቆረጠ ድረስ፣ ለዓመታት ላይመጣ የሚችለውን ጎርፍ ከነገው እራት ጋር የሚያመዛዝን ሰው ሸለቆውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።