አዋጅ ከታወጀ በኋላ

አዋጅ ማስነገር አንድ ነገር ነው፤ የታወጀውን ከሰው ጓዳ ማድረስ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንን ለማስረዳት ከባርነት ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በአውሮፓ አቆጣጠር 19ኛው መቶ ዓመት የእንፋሎት መኪና የተስፋፋበት፣ ፋብሪካ የበዛበት፣ የባሪያ ንግድም በአደባባይ የተወገዘበት ዘመን ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች መኪና ሲመጣ ባርነት በገዛ እጁ የጠፋ ይመስላቸዋል። ታሪክ የሚመሰክረው ግን እንዲህ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1793 ኢላይ ዊትኒ የተባለው አሜሪካዊ ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መኪና ሠራ። በእጅ ሲፈለቀቅ ቀን የሚፈጀው ሥራ በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ ሆነ። በዚህ ጊዜ የባሪያው ድካም ይቀንሳል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። ዳሩ ግን የእንግሊዝ አገር የጥጥ ፋብሪካዎች የተገኘውን ጥጥ ሁሉ ይሻሙ ስለ ነበረ፣ የአሜሪካ ባለ እርሻዎች መሬታቸውን አስፍተው ባሪያ ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1790 ወደ 700 ሺህ ይጠጋ የነበረው የባሮች ቍጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። መኪና ያዘዙትን ይሠራል እንጂ የባለቤቱን ልብ አያርምም።

እንግሊዞችም በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1833 ሁለት ሕጎች አወጡ። የመጀመሪያው በቅኝ ግዛቶቻቸው ባርነት እንዲቀር የሚያዝ ነው። በዚህም ሕግ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ተመደበ፤ ገንዘቡ የተከፈለው ግን ለጌቶቹ ነው። አርነት ወጣ የተባለው ሰው ምንም አላገኘም፤ እንዲያውም አብዛኛው እስከ 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌታው እንዲሠራ ተገደደ። ሁለተኛው ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፈትልና በሽመና ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ የሚከለክል ነው። ከዚያ በፊት በ1802ና በ1819 የወጡት የፋብሪካ ሕጎች የሚጠብቃቸው ስላልነበረ በወረቀት ላይ ቀርተው ነበር። የ1833ቱ ግን ፋብሪካው ውስጥ ገብተው የሚመረምሩ 4 ተቈጣጣሪዎችን ሾመ። አገሪቱን ሁሉ ለመጠበቅ 4 ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ሕጉ ዐይን ያገኘው በእነርሱ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ በደፉ ጊዜ ከቀደሙት ትእዛዞቻቸው አንዱ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ነበር። በዚያው ዘመነ መንግሥት ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል፤ የአገሩም ልጆች ጥበቡን እንዲማሩ ጥረዋል። ከልደታ ብዙም በማይርቀው በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ ምሳሌ ይህንን ያስታውሰናል። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የጋፋቱ ሥራ ተቋረጠ፤ የባሪያውም ንግድ ቀጠለ። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ይህንኑ ንግድ ለማጥፋት ከእንግሊዝ ጋር ውል ተዋውለዋል። ነጋዴው ግን መንገዱን እየለወጠ መሄዱን አልተወም።

ምክንያቱን መመርመር ያሻል። በዚያን ጊዜ ወታደሩ ወርኀዊ ደመወዝ አልነበረውም፤ ምርኮ ከሚያገኘው ጥቅም አንዱ ነበር። የሚፈጨው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው በሰው ጉልበት ነበር። ከዚህም በላይ በእጁ የሚሠራ ሰው ይናቅ ነበር፤ ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ሸማኔው ቍጢት በጣሽ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ማወጃቸው በሽታው ምን ያኽል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ሥራ በተናቀበት አገር ሥራውን ለባሪያ መተው እንደ ክብር ይቈጠራል።

አርነት ከትምህርት ጋር ሲገናኝ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ግን ሁለት ሰዎች አሳይተውናል። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተፈንግሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ከተሸጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ አርነት ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮንም ትምህርት ቤት ተማረ። አስቴር ጋኖም እንደዚሁ በባርነት ስትጓዝ እ.ኤ.አ. በ1886 ነጻ ወጥታ ወደዚሁ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ሁለቱ አብረው ደክመው የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። ኦነሲሞስ በእርሷ ረዳትነት የተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በግእዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። በገበያ ዋጋ የተቈረጠላቸው ልጆች ለሚሊዮኖች ቋንቋ መጽሐፍ ሰጡ። ፊደል ሳይቈጥሩ በየጓዳው የቀሩት ስንት ነበሩ?

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ሕግ ታወጀ። በ1923 ዓ.ም. ሕጉ ጠበቀ፤ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ እስከዚያ አዋጅ ድረስ 87 ዓመት መሆኑን ልብ እንበል።

ይህንን ሁሉ የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። በልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃዎች ላይ በማለዳ ብንወጣና ብንወርድ፣ ጀሪካን ይዘው ወይም የሰው ልጅ አዝለው የሚተላለፉ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች እናገኛለን። እነዚህ ባሮች አይደሉም፤ ተቀጥረው የሚያገለግሉ ናቸው። አብዛኛውም አሠሪ እንደ ልጁ የሚያይ ደግ ሰው ይሆናል። ነገር ግን የአንዲት ሠራተኛ ኑሮ በአሠሪዋ ደግነት ላይ ብቻ ሊቆም አይገባውም። ከሕንፃዎቹ አጠገብ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ አለ። ሰውን መነገድ የሚቀጣው አዋጅ ቍጥር 1178ም በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ሆኖም የቤት ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ ወደ ፊት በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ተቈጣጣሪ ፋብሪካ ይገባል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለች ማድ ቤት ግን ማን ይገባል?

እንግዲህ ጠባቂው ጎረቤትና ባለቤቱ ራሱ መሆን አለበት። የአንዲት ቤት ሠራተኛ ደመወዝ በደላላ ወይም በዘመድ እጅ ሳይሆን በገዛ እጇ ይግባ። ስንት እንደሚከፈላትና መቼ እንደምታርፍ በወረቀት ይጻፍ፤ ከወረቀቱም አንዱ ቅጂ ለእርሷ ይሰጣት። ማታ ትምህርት ቤት የምትሄድበት ሰዓት ይከበርላት። የሕንፃው የነዋሪዎች ማኅበር ስለ ጥበቃና ስለ ውሃ በሚሰበሰብበት ቀን፣ በየቤቱ የሚያገለግሉት ልጆች ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚማር ቢጠይቅ፣ ሥራው የሚወስድበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።