ፍሬም፦ አናፂን የሚያጋልጥ ትንሽ ሥራ

አራት ዘንግ እንጨት፣ አንድ መስታወት፣ ከኋላ አንድ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ። ፎቶ ፍሬም ሲያዩት ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ቁም ሳጥን የገጠመ፣ የጣሪያ ማገር የመታ ሰው የፍሬም ሥራ ሲባል ፈገግ ይላል። ሙያውን ያስተማሩኝ አጎቴ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ተቃራኒውን ነው የሚያምኑት። ቁም ሳጥን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቆማል፤ ክፍተቱ በስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ያለብሱታል። ፍሬም ግን ዓይን ፊት ይሰቀላል። ቡናው እስኪፈላ ድረስ እንግዳው አፍጦ የሚያየው የሠርጉን ፎቶና አራቱን ማዕዘን ነው። ስለዚህ ልጅ ሙያ መልመድ ያለበት ከፍሬም ጀምሮ ነው ባይ ናቸው።

የምንሠራባት አዳማ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የማያዳግም ፈታኝ አላት። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዳ የተቀመጠች፣ ሞቃትና ነፋሻ ናት። ነፋሷን ከጉዳይ ያልጣፈ የለም፤ በአቅራቢያዋ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የ51 እና የ153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ይኸው ነፋስ በየመስኮቱ ገብቶ ከእንጨት ውስጥ ውኃ ይመጥጣል። አዲስ አበባ በክረምት ተሠርቶ የመጣ ፍሬም አዳማ ሳሎን ውስጥ አንድ በጋ ሲከርም ማዕዘኑ አፉን ይከፍታል።

ምክንያቱ እንጨት ሲደርቅ በሁሉም በኩል እኩል አለመኮማተሩ ነው። በቁመቱ የሚያጥረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በወርዱ ግን ይጠባል። በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ጫፍ ቁመቱ ባለበት ሆኖ ወርዱ ብቻ ሲጠብ 45 መሆኑ ይቀራል። ያኔ ሁለቱ ጫፎች በውጭው ጥግ እንደተነካኩ፣ ወደ ውስጥ በመስታወቱ በኩል ፀጉር የምታህል ክፍተት ትታያለች። ደርቆ ተሠርቶ ወደ እርጥብ አገር የሄደ ፍሬም ደግሞ የሚከፈተው በውጭው ጥግ ነው። ጋሼ ክፍተቱን ብቻ አይተው ፍሬሙ ከቆላ ወደ ደጋ ይውጣ ወይስ ከደጋ ወደ ቆላ ይውረድ ይናገራሉ። መጀመሪያ ላይ ጥንቆላ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው መጋዝ ከመያዝ በፊት ነው። አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ ከጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተጣለ ይደረደራል፤ ነፋሱ በእያንዳንዱ ጣውላ ላይና ሥር ማለፍ አለበት። ውኃው ከጎኑ ይልቅ በጫፉ ስለሚቸኩል ጫፎቹ የተረፈ ቀለም ይቀባሉ፤ አለዚያ ከጫፍ ጀምሮ ይሰነጠቃሉ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቤት ውስጥ ለሚሰቀል ዕቃ የእንጨቱ ርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ጋሼ መለኪያ መሣሪያ የላቸውም። ቁራጩን አንስተው ክብደቱን በእጃቸው ይመዝናሉ፣ በጣታቸው ያንኳኩታል፣ ከዚያም ለእኔ አቀብለው «እስቲ ጠይቀው፤ መቼ ነው የተቆረጥከው በለው» ይሉኛል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጣኝ በደረጃ ተከፋፍሎ ተምሮ ሲኦሲ በሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ይመዘናል፤ ያም ጥሩ ነገር ነው፣ ወረቀቱም ሥራ ያስገኛል። የእጅ ሚዛን ግን አንድ እንጨት ርጥብም ደረቅም ሆኖ ሳለ ደጋግሞ ያነሳ ሰው አጠገብ ካልተቀመጡ አይመጣም።

የእንጨቱ ምርጫ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለፍሬም የሚመኙት ዋንዛ ነው፤ ለመላጊያ ይገራል፣ ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው፣ ሲደርቅም ብዙ አያስቸግርም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬ ጥሩ ዋንዛ የሚገኘው ከገበሬ ማሳ ወይም ከፈረሰ አሮጌ ቡፌ ነው። ከሻሸመኔ በላይ ያለው የሙኔሳ ደን የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ ይሰጣል፤ ቀላል፣ ቀጥ ያለ፣ ለጀማሪ የሚመች። ባህር ዛፍ ለሞራሌ ይሁን እንጂ ቀጭን ሆኖ ሲሰነጠቅ መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል። ከሞጆ እስከ ላንጋኖ መንገዱን ያጀበው ግራር ደግሞ ጠንካራና ጠማማ ስለሆነ በከሰል ጆንያ ውስጥ ያልቃል።

እኛ አብዛኛውን የሠራነው ከእነዚህ ከአንዱም አልነበረም። ጎረቤታችን ሞጆ ደረቅ ወደብ አላት፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር ሲራገፍ ዕቃው የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ይተርፋል። በርብራቡ ላይ የስንዴ ዘለላ ምልክትና በላቲን ፊደል የተጻፈ ማኅተም አለ። ኤች እና ቲ ከሆነ እንጨቱ እስከ መሃሉ በ56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ ተሞቋል ማለት ነው፤ ተባይ እንዳያጓጉዝ ተብሎ በዓለም አቀፍ ደንብ የሚደረግ ነገር ነው። ኤም እና ቢ ከሆነ ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ ታጥኗልና ለቤት ዕቃ አይሆንም። ምስማሩን ነቅለው መላጊያ ሲያሳርፉበት ከቆሻሻው ሥር ነጭ ለስላሳ እንጨት ይወጣል። ነፃ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ መቁረጥ ነው። አንድ ፍሬም ስምንት የጫፍ ቁርጥ አለው። መጋዙ በእያንዳንዱ ግማሽ ዲግሪ ቢስት፣ ሦስቱ ማዕዘኖች ተገጥመው አራተኛው ላይ ሲደርሱ 4 ዲግሪ ጎድሎ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ መጋዙ የሚሄደው በ45 ዲግሪ መሰንጠቂያ በተበጀለት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ጋሼ ከዲግሪው በላይ የሚጨነቁት ግን ለቁመት እኩልነት ነው፤ ትይዩዎቹ ሁለት እንጨቶች አንድ ላይ ተደርበው ሲዳሰሱ ጥፍር የሚይዝ ልዩነት ካለ ሥራው አያልፍም። ከተገጠመ በኋላም ስኳድራ ብቻ አይበቃም፤ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ይለካል፣ እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ብሏል።

ኮላው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የእንጨት ጫፍ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ኮላውን ጠጥቶ መጋጠሚያውን ባዶ ያስቀረዋል። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲመጠጥ እንደገና መቀባት፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። ውድ ሞርሳ አያስፈልግም፤ ከባጃጅ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ረጅም ጎማ አራቱን ጥግ ዙሪያውን ሲጠመጠም እኩል ይስባል። ሲደርቅ በየማዕዘኑ በመጋዝ ተሰንጥቆ ቀጭን የእንጨት ቁራጭ በኮላ ይሰካል። ምስማር ብቻውን የመታ አናፂ ለአዳማ ነፋስ ቀጠሮ ሰጥቷል።

ለፎቶ ይህ ይበቃል። ለማሳያ የሚሆን ጥልቅ ፍሬም ግን ሌላ ነው፤ የአያት ሜዳሊያ፣ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የጥበብ ቁራጭ የሚቀመጥበት እንደ ጠፍጣፋ ሳጥን ያለ ነው። መስታወቱ ዕቃውን መንካት የለበትም፤ በመካከላቸው ቀጭን ዘንግ ይገባል። ለፎቶም ቢሆን ይሄ ይመከራል፤ ርጥበት ሲገባ ፎቶ ከመስታወት ጋር ይጣበቅና ለማላቀቅ ሲሞክሩ ፊቱ ይላጣል። መስታወቱም ከሚያርፍበት እርከን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ እንጨቱ ቅርጹን ሲለውጥ የሚጨመቀው መስታወት ይሰነጠቃልና።

ዛሬ በየከተማው ያሉ የፎቶ ቤቶች ተዘጋጅቶ የመጣ ባለወርቅ ቀለም የፕላስቲክ ፍሬም በደቂቃ ቆርጠው ይገጥማሉ። አልንቃቸውም፤ ፕላስቲክ ውኃ አይጠጣም፣ ለምረቃ ፎቶም ያምራል። ጥግ ሲሰበር ግን የሚጠግነው የለም።

የእንጨት ፍሬም የሚያዙ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ገልብጠው ይዩት። ማዕዘኑ ላይ የተሰካ ቁራጭ አለ ወይስ ምስማር ብቻ? መስታወቱ በጣት ሲገፋ ትንሽ ይንቀሳቀሳል? ሁለቱ ሰያፎች እኩል ናቸው? በመጨረሻም እንጨቱ መቼ እንደተሰነጠቀ ይጠይቁ። መልሱ «ባለፈው ሳምንት» ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይውሰዱት።