የካርቱም አይሁድና ሰባተኛው ዓመት

አይሁድና ሱዳን ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ከኡም ራኩባ ካምፕ በካርቱም በኩል ወደ እስራኤል የተወሰዱትን ቤተ እስራኤሎች ነው። ከነሱ በፊት ግን ካርቱም ራሷ አይሁድ ነበሯት። ረቢ ሰለሞን ማልካ በ1906 መጡ፣ ምኩራቡ በ1926 ተሠራ። ብዙዎቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ የቀሩትም ወጡ፣ ምኩራቡም ተሸጦ ፈረሰ።

ሕጋቸው «ሽሚታ» የሚለው ሰባተኛ ዓመት አለው። ዘሌዋውያን 25 እንደሚለው መሬቱ ያርፋል፤ በራሱ የበቀለውን ባለቤቱም፣ ሠራተኛውም፣ መጻተኛውም ይበሉታል። መጻተኛ እንግዲህ እኛ ነን። የሚበላ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው፣ የስድስተኛው ዓመት ምርት ለሦስት ዓመት ይበቃል የሚል ተስፋ ተሰጥቶታል።

ይህ የእርሻ ሕግ የእስራኤልን ምድር ብቻ ስለሚመለከት የካርቱምን ነጋዴ አይነካውም። የሚነካው ሌላው ነው፤ ዘዳግም 15 በሰባተኛው ዓመት ዕዳ ይተው ይላል። ዓመቱ ደረሰ ብለህ ለድሃ ማበደር እንዳትከለክልም ያስጠነቅቃል። ለኔ ከባዱ ይሄ ነው። መሬት ቢያርፍ ጎተራ አለ፤ ገንዘቡ ላይመለስ እንደሚችል እያወቁ ማበደር ግን ሌላ እምነት ይጠይቃል። ሰው አልቻለበትም፤ አበዳሪ ጠፋ። ሒሌል የተባለው መምህር ዕዳው በዳኞች በኩል ተጽፎ እንዳይሰረዝ የሚያደርግ መላ ያወጣው ለዚህ ነው።

ካምፕ ውስጥም ራሽን ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ዱቄት የሚያበድር ጥቂት ነው። እኔ የማውቃቸው ሁለት እናቶች አሉ። መዝገብም አይዙ።